ጂፒኤስ ሞተር ላይ ስለማሰር፦ ለአንድ ሞተረኛ ጥያቄ መልስ

ጥያቄው ባጭሩ ይኸው። ጠያቂው ቦክሰር 150 ይነዳል። ቦንጋ ተቀምጦ ለሥራ ወረዳ ለወረዳ ይዞራል። ስልኩን ከገበያ በገዛው ማቀፊያ መሪው ላይ አስሮት ነበር፤ ሁለት ጊዜ ወደቀበት። ካሜራው ብዥ ማለት ጀምሯል። ባትሪው ሦስት ሰዓት አያቆይም። ኔትወርክ ሲጠፋ ካርታው ባዶ ይሆናል። አሜሪካ ያለች እህቱ «ጋርሚን የሚባለውን መንገድ የሚመራ የጂፒኤስ ዕቃ ልግዛልህ፣ ሰው ሲመጣ እልክልሃለሁ» ብላዋለች። «ልቀበል ወይስ በስልኬ ልቀጥል? የት ላይ ልሰረው? ቻርጁንስ ከየት ልውሰድ?» ይላል።

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። እኔ ሥራዬ የሞተር ሳይክል ኤሌክትሪክ ነው። ከአሥር ዓመት በላይ ሽቦ ስፈታና ስቀጥል ኖሬያለሁ። እንዳንተ ገጠር ለገጠር የሚዞሩ የጤናና የግብርና ሠራተኞች ሞተር ብዙ በእጄ አልፏል። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስልህ፣ ታገሠኝ።

መጀመሪያ ስለ እህትህ። አመስግናት፣ ግን ገና አትቀበል። ጋርሚን ጥሩ ዕቃ ነው። ማሰሪያው ካልጠበቀ ግን ጋርሚኑም ይወድቃል። ከሞተሩ ባትሪ በደንብ ካልተቀጠለ ጋርሚኑም መንገድ ላይ ይጠፋል። አሜሪካ የሚሸጠው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሰሜን አሜሪካን ካርታ ይዞ ነው የሚመጣው፤ የኢትዮጵያን ካርታ ለብቻው ካልጫንክበት ቦንጋ ላይ ስትከፍተው ይህ ነው የሚባል መንገድ አታይበትም። እንግዲህ መጀመሪያ ካርታውን፣ ማሰሪያውንና ቻርጁን በስልክ አስተካክል። ከዚያ ጋርሚን ያስፈልግህ እንደሆነ ራስህ ታውቀዋለህ።

አንድ ነገር ላጥራ። እኛ አገር «ጂፒኤስ አስገጠምኩ» ሲባል ብዙ ጊዜ ሲም ካርድ ያለውን፣ ሞተሩ የት እንዳለ ለባለቤቱ የሚናገረውን ትንሽ ሣጥን ማለት ነው። ያ ሌላ ዕቃ ነው። መንገድ አይመራም። አንተ የምትፈልገው መንገድ የሚያሳይህን ነው፣ ስለዚህ ሱቅ ስትሄድ በግልጽ ተናገር።

ከቀላሉ ልጀምር፣ ከካርታው። ጂፒኤስ ኔትወርክ አይፈልግም። ሳተላይቶቹ ከ20,000 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ሆነው ምልክት ይልካሉ፣ ስልክህ ይሰማል፣ በቃ። ቢያንስ አራቱን ከሰማ ያለህበትን ቦታ ያሰላል። ኔትወርክ ሲጠፋ የጠፋብህ ቦታህ አይደለም፣ የካርታው ሥዕል ነው፤ ሥዕሉ በየደቂቃው ከኢንተርኔት ስለሚወርድ። መፍትሔው ሥዕሉን አስቀድሞ ማውረድ ነው። ኦርጋኒክ ማፕስ ወይም ኦስማንድ የሚባለውን የካርታ አፕ ጫን። ጅማ ስትሄድ ጥሩ ዋይፋይ ያለበት ቁጭ በልና የኢትዮጵያን ካርታ ሙሉውን አውርድ። ሁለቱም የሚጠቀሙት በጎ ፈቃደኞች የሚሠሩትን ኦፕን ስትሪት ማፕ ነው። በገጠር መንገድ ላይ ብዙ ጊዜ ከሌላው ሻል ይላል። ዳታ ከሌለ ጠዋት የመጀመሪያውን ቦታ ለማግኘት ስልኩ ትንሽ ይዘገያል፣ አንዳንዴ ደቂቃዎች ይፈጃል። ሰማይ የሚታይበት ቦታ አስቀምጠው፣ ቡናህን እስክትጠጣ ያገኘዋል።

ወደ ካሜራው እንሂድ፤ ይህ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ነው። አዳዲስ ስልኮች ውስጥ ሌንሱ ድርቅ ብሎ የተጣበቀ አይደለም። እጅህ ሲንቀጠቀጥ ፎቶው እንዳይበላሽ ተብሎ በስስ ማግኔትና ሽቦ ተንጠልጥሎ እንዲንቀሳቀስ ተደርጎ ነው የተሠራው። ያንተ ሞተር ባለ አንድ ሲሊንደር ነው። ንዝረቱ በመሪው በኩል ቀጥታ ወደዚያች ሌንስ ይሄዳል፣ ቀን ሙሉ ይደበድባታል። አፕል ራሱ እ.ኤ.አ. በ2021 አይፎንን ሞተር ሳይክል መሪ ላይ ማሰር ካሜራውን ሊጎዳ እንደሚችል ጽፎ አስጠንቅቋል። የትልልቅ ሞተሮችን ንዝረት አነሳ፣ ትንንሾቹም ላይ ንዝረት መከላከያ ተጠቀሙ አለ። ካሜራህ ላይ የደረሰው ይህ ይመስለኛል። አሁኑኑ ከመሪው ላይ አንሳው፣ ሳይብስ።

እናም ዋናው ምክሬ ይህ ነው፦ ለሞተርህ የራሱን ስልክ ስጠው። ያገለገለ፣ ርካሽ፣ ካሜራው እንዲህ ዓይነት ማረጋጊያ የሌለው ስልክ። ሲም አያስፈልገውም። ፎቶ አያነሳ፣ ቴሌግራም አይኑርበት። ካርታ ብቻ ይኑርበት። ቢወድቅም፣ ቢሰረቅም፣ ዝናብ ቢገባበትም ያንተ ቁም ነገር ሁሉ ኪስህ ውስጥ ነው። ስትገዛ ግን ዝም ብለህ አትግዛ። ዳታውን አጥፋ፣ ጂፒኤስ ቴስት የሚባለውን ነፃ አፕ ጫንበት፣ ከሱቁ ወጥተህ ሰማይ ሥር ቁም። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ቦታህን ካገኘና ስምንት አሥር ሳተላይት ከያዘ ውሰደው። ስክሪኑንም ፀሐይ ላይ እየው። ሱቅ ውስጥ ያማረ ስክሪን እኩለ ቀን ላይ መስታወት የሚሆንበት ጊዜ አለ።

ማሰሪያው። ከገበያ የገዛኸው ባለ ስፕሪንጉ፣ አራት ጣት ያለው ፕላስቲክ ከሆነ አልፈርድብህም፣ ሁሉም እሱን ነው የሚገዛው። አስፋልት ላይ ይይዛል። ኮረኮንች ላይ ስፕሪንጉ ትንሽ ትንሽ እያለ ይከፈታል፣ የሚታጠፍበት ኳሷ ትላላለች፣ አንድ ጉድጓድ ላይ ስልኩ ብድግ ይላል። የምትፈልገው የብረት ወይም የአሉሚኒየም ሆኖ በሁለት ቡሎን መሪውን የሚነክሰውን ነው። የአብዛኞቹ ሞተሮች መሪ ውፍረቱ 22 ሚሊ ሜትር ነው፤ ማሰሪያው ለዚያ ልክ መሆኑን እይ። መሪውና ማሰሪያው መካከል አንድ ዙር ከመነዳሪ ቆርጠህ ጠቅልልበት፤ እንዳይንሸራተት ይረዳል። ንዝረቱን ያጠፋል ብለህ ግን አትጠብቅ፣ ለዚያ ለብቻው የሚሸጥ የጎማ ንዝረት መከላከያ አለ፣ ካገኘህ ጨምርበት። ቡሎኑ ላይ ስፕሪንግ ሮንዴላ አድርግ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ስልኩን በቀጭን ጠንካራ ገመድ ከመሪው ጋር እሰረው። ማሰሪያው ቢለቅ እንኳ ይንጠለጠላል እንጂ ከኋላህ በሚመጣው አይሱዙ ጎማ ሥር አይገባም።

ቦታው መሪው መሐል ላይ፣ ሞተሩ መሪውን ወደያዘበት ጠጋ ብሎ ይሁን። ንዝረቱ እዚያ ያንሳል። ወደ ጫፍ በሄድክ ቁጥር ይጨምራል። ስፖኪዮ ላይ የሚታሰር አለ፣ እሱን ተወው፤ ስፖኪዮህ ሲንቀጠቀጥ አይተኸው የለ? ክንዱም አጭር ይሁን፣ የረዘመ ክንድ እንደ አርጩሜ ነው የሚወዛወዘው። ስልኩ የፍጥነት ቆጣሪውን፣ የፍሬቻውን መብራትና የቁልፉን ቀዳዳ እንዳይሸፍን።

ካሰርክ በኋላ ይህን ሳታደርግ አትንዳ። ሞተሩን አስነሳ፣ ኒውትራል ላይ ተወው። መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራ፣ እስከ መጨረሻው ወደ ቀኝ አዙር። የሞተሩ ድምፅ ከጨመረ ማሰሪያህ የነዳጅ መስጫውን ካቦ እየጎተተው ነው ማለት ነው። ይህ ቀልድ አይደለም። ጠባብ ኩርባ ላይ ሞተሩ በራሱ ነዳጅ ይወስዳል። ስልኩ የነዳጅ ታንከሩን እንዳይነካ፣ ፍሪሲዮንና ፍሬን ስትይዝ ጣትህን እንዳይጋፋም በዚያው እይ።

አሁን ቻርጁ። እዚህ ላይ ቆም እላለሁ፣ ምክንያቱም ጋራዥ ከሚመጡብኝ ሞተሮች ብዙዎቹ የሚበላሹት እዚህ ነው። አንድ ወጣት ደንበኛዬ ራሱ ቀጥሎት ነበር። የዩኤስቢ ቻርጀሯን ከፊት መብራቱ ሽቦ ላይ ቀጠላት፣ ቅርብ ስለሆነ። አንድ ሳምንት ሠራች። ከዚያ አንድ ቀን ዳገት ላይ ነዳጅ ሰጥቶ ሲወጣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተው። እኔ ጋ ሲመጣ ቻርጀሯ ቀልጣ ከሽቦው ጋር አንድ ሆናለች፣ ስልኩም አልተነሳም።

ምክንያቱ ይህ ነው። በብዙ ትንንሽ ሞተሮች ላይ የፊት መብራቱ ከባትሪ አይመጣም፣ ቀጥታ ከሞተሩ ዲናሞ ነው የሚመጣው። ኤሲ የሚባለው ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ነው፣ ነዳጅ በሰጠህ ቁጥር ይወጣል ይወርዳል። ያንተ እንዴት እንደሆነ በቀላሉ ታውቀዋለህ። ቁልፉን ክፈት፣ ሞተሩን ሳታስነሳ መብራቱን አብራ። ካልበራና ሞተሩ ሲነሳ ብቻ የሚበራ ከሆነ፣ ነዳጅ ስትሰጥም የሚደምቅ ከሆነ፣ ያንን ሽቦ አትንካው።

የምትወስደው ከባትሪ ነው፣ ግን በቁልፍ በኩል። ሁለት መንገድ አለህ። አንዱ ቻርጀሩን ቀጥታ ባትሪ ላይ ማሰር ነው፤ ቀላል ነው፣ አልመክርህም። ብዙዎቹ ቻርጀሮች ትንሽ ሰማያዊ መብራት ወይም ቮልት ማሳያ አላቸው። እንበልና 20 ሚሊ አምፒር ትበላለች። በቀን ወደ ግማሽ አምፒር ሰዓት ማለት ነው። የትንንሽ ሞተሮች ባትሪ ደግሞ 5 አምፒር ሰዓት አካባቢ የሚሆንበት ብዙ ነው። ለበዓል ሄደህ አምስት ቀን ብትቆይ ባትሪህን ግማሹን በልታ ትጠብቅሃለች። ስለዚህ ቁልፉ ሲከፈት ብቻ ኃይል የሚመጣበትን ሽቦ ፈልግ። ቴስተር (ቮልት መለኪያ) ካለህ የክላክሱን ሽቦዎች ለካ፤ ብዙ ሞተር ላይ አንደኛው ቁልፍ ሲከፈት 12 ቮልት ያሳያል፣ ሲዘጋ ዜሮ። እሱ ነው ያንተ።

ቻርጀሩ 5 ቮልት ላይ 2 አምፒር ከሰጠ 10 ዋት ነው። ከባትሪው በኩል ሲታይ 1 አምፒር ገደማ ማለት ነው። ለዚህች ሬሌ፣ ማለትም ብዙ አምፒር ለሚበላ ዕቃ የሚገባው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ፣ አያስፈልግህም፣ «ያለ ሬሌ አይሆንም» የሚልህ ካለ ብርህን ያዝ። ፊውዝ ግን ግድ ነው። የ2 ወይም የ3 አምፒር ፊውዝ ኃይል በምትወስድበት ቦታ አጠገብ፣ ከአንድ ስንዝር ሳይርቅ አድርግ። ሽቦው መሐል ላይ ተልጦ ብረት ቢነካ የሚጠብቅህ እሱ ብቻ ነው። መገጣጠሚያውን ጠምዝዘህ በናስትሮ ጠቅልለህ አትተወው። ንዝረት ይፈታዋል፣ ዝናብ ያዝገዋል። በስታኞ አጣብቅ፣ በሙቀት የሚሸበሸበውን ፕላስቲክ አልብሰው። ሽቦውን ከማርሚታውና ከሲሊንደሩ አርቅ። መሪው የሚዞርበት ቦታ ላይ ፈታ ያለ ቀለበት ተውለት፣ ተወጥሮ ከታሰረ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ውስጡ ይበጠሳል፤ ከውጭ ደህና መስሎ ስለሚታይ ቀኑን ሙሉ ስትፈልገው ትውላለህ።

ስልኩ ውስጥ የሚገባው የኬብሉ ጫፍም ጠላት ነው። ኮረኮንች ላይ ኬብሉ ሲወዛወዝ የስልኩን ቀዳዳ ያሰፋዋል፣ ከዚያ ቻርጅ ይይዛል ይለቃል። ጫፉ በቀኝ ማዕዘን የታጠፈ ኬብል ግዛ፣ ከጫፉ ሁለት ጣት ዝቅ ብለህ ከማቀፊያው ጋር እሰረው። እንዲህ ከሆነ ኬብሉ ቢወዛወዝም ጫፉ አይነቃነቅም።

ሽቦው ካልሆነልህ ወይም ሞተሩ የመሥሪያ ቤት ሆኖ እንዳትነካው ከተባልክ ፓወር ባንክ የጃኬትህ ኪስ ውስጥ አድርገህ ተጠቀም። እውነቱን ለመናገር 10,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት ያለው ለአንድ የሥራ ቀን ይበቃል። የስክሪኑን ብርሃን መቀነስ ብቻውንም ብዙ ያተርፍልሃል፣ ባትሪህን ከጂፒኤሱ ይልቅ የሚጨርሰው ብርሃኑ ነው።

ዝናብ። ካፋ ስለሆንክ ሙቀት ብዙ አያሳስብህም፤ ቆላ ወርደህ ስልኩን ዚፕ ባለው ላስቲክ ከረጢት ዘግተህ ቻርጅ ካደረግከው ግን ግሎ ይጠፋል። ያንተ ችግር ውኃ ነው። ስክሪኑ ላይ የወደቀ ጠብታ እንደ ጣት ይነካል። ካርታው ይሸሻል፣ ያስያዝከው መንገድ ይሰረዛል። ዝናብ ሲጀምር ቁምና ስልኩን ከመሪው አንስተህ ስክሪኑን ቆልፈህ የውስጥ ኪስህ ውስጥ ክተት፣ በአንድ ጆሮህ ማዳመጫ አድርገህ ድምፁን ብቻ ስማ። ኪስ ውስጥ ሆኖም አብዛኛውን ጊዜ ሳተላይት ይይዛል። ሌላኛው ጆሮህ ለመንገዱ ክፍት ይሁን።

ስትነዳ ስክሪኑን አትንካ። ይህን የምለው ስለሚባል ብቻ አይደለም። በ60 ኪሎ ሜትር ስትሄድ ሦስት ሰከንድ ካርታ ላይ ካፈጠጥክ 50 ሜትር ሳታይ ሄደሃል። በ50 ሜትር ውስጥ ጥጃ ይገባል፣ ልጅ ይገባል። መድረሻህን ቆመህ ሙላ፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት መታጠፊያዎች በቃልህ ያዝ፣ ከዚያ ንዳ። ቆመህ ስታየው ደግሞ ቀስቱ ወደ ተሳሳተ አቅጣጫ ሊያመለክት ይችላል። የስልኩ ኮምፓስ በሞተሩ ብረትና ማግኔት ስለሚታለል ነው። ጥቂት ሜትር ሂድ፣ ከእንቅስቃሴህ አቅጣጫውን ያውቀዋል። ጥቅጥቅ ያለ ጫካ ውስጥም ቀስቱ ከመንገዱ ወጣ ገባ ቢልብህ አትደንግጥ፣ ቅጠሉ ምልክቱን ስለሚያዳክመው ነው፣ ገላጣ ስታገኝ ይመለሳል።

ከቢሮ የሚሰጡህን የቦታ ቁጥሮች በተመለከተ ይህን አደራ። አንድ ሥፍራ በሁለት ዓይነት ይጻፋል። ቦንጋ 7 ዲግሪ ከ16 ደቂቃ ሰሜን፣ 36 ዲግሪ ከ14 ደቂቃ ምሥራቅ ላይ ናት። ይህን አንዱ 7.16 እና 36.14 ብሎ ቢጽፍልህ ስህተት ነው፤ አንድ ዲግሪ 60 ደቂቃ ስለሆነ ትክክለኛው በነጥብ ሲጻፍ 7.27 እና 36.23 ገደማ ነው። ስህተቱን አምነህ ብትሄድ ወደ ደቡብ 12፣ ወደ ምዕራብ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ትስታለህ። በእግር አይደለም በሞተርም ቀን ያባክናል። ቢሮ ግድግዳ ላይ ያለው የድሮው 1 ለ50,000 ካርታ ደግሞ አዲንዳን በሚባል የቆየ መለኪያ የተሠራ ሊሆን ይችላል። ስልክህ ካለው ጋር ወደ 200 ሜትር ገደማ ይለያያሉ። የጤና ኬላውን አልፈህ ሄደህ ብትፈልገው ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል።

ካርታው ላይ የተሳለ መንገድ ሁሉ መንገድ አይደለም። ብዙው ከሳተላይት ፎቶ ላይ ታይቶ ነው የተሳለው። ድልድዩን ጎርፍ እንደወሰደው ፎቶው አይናገርም። ከዋናው መንገድ ስትወጣ ሰው ጠይቅ። ጥያቄህን ግን አስተካክል። «መንገድ አለ?» ካልካቸው «አለ» ይሉሃል፣ እውነታቸውን ነው፣ በእግር ይሄዱበታላ። «ሞተር ያሳልፋል? ትናንት ዘንቦ ዛሬስ ያሳልፋል?» በል። መልሱ ወዲያው ይለወጣል። ያገኘኸውን መንገድ አፑ ላይ መዝግበው፣ ወንዙ የሚሞላበትን፣ ቤንዚን በሃይላንድ የሚሸጥበትን፣ ጎማ የሚጠግነውን ልጅ ቤት ምልክት አድርግበት። ከዚያ ፋይሉን በቴሌግራም ለሥራ ባልደረቦችህ ላክላቸው። ከአንድ ክረምት በኋላ በእጃችሁ ያለው ካርታ የትም የማይሸጥ ይሆናል።

ሳልረሳው፦ ጂፒኤሱ የሚያሳይህ ፍጥነት ከቆጣሪው ዝቅ ቢል ተበላሸ አትበል። ቆጣሪዎች ከእውነተኛው ትንሽ ከፍ አድርገው ነው የሚያነቡት፣ ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ጂፒኤሱን እመን።

እንግዲህ ጋርሚን መቼ? ይህን ሁሉ አድርገህ አሁንም በሳምንት አምስት ቀን ጭቃና ዝናብ ላይ የምትውል ከሆነ፣ እህትህም ካልከበዳት ተቀበል። የጋርሚን ዙሞ ኤክስቲ ለሞተር ተብሎ የተሠራ ነው። ስክሪኑ 5.5 ኢንች ነው፣ ፀሐይ ላይ ይነበባል፣ በጓንት ይነካል። ውኃ መከላከያው አንድ ሜትር ጥልቀት ውስጥ ለ30 ደቂቃ ይችላል። ማሰሪያው ራሱ ኃይል ስለሚያቀብል በዩኤስቢ ቀዳዳ አትቸገርም። እ.ኤ.አ. በ2020 ሲወጣ ዋጋው 500 ዶላር አካባቢ ነበር። ከመላኳ በፊት የሞተሩ ማሰሪያና ሽቦው ሣጥኑ ውስጥ መኖራቸውን ታረጋግጥ። ከኦፕን ስትሪት ማፕ የተሠራ ነፃ የጋርሚን ካርታ ስላለ የኢትዮጵያን ክፍል እዚያው አውርዳ ብትጭንበት ያንተን ዳታ ታተርፍልሃለች። ሽቦውን ግን ከላይ እንዳልኩህ ነው የምትቀጥለው፣ በፊውዝና በቁልፍ በኩል።

አሁን አንድ ነገር አድርግልኝ። ምንም ከመቀጠልህ በፊት ቴስተሩን ባትሪው ላይ አድርግ። ሞተሩ ጠፍቶ ስንት ቮልት እንደሚያነብ፣ ከዚያ ሞተሩ ተነስቶ መጠነኛ ነዳጅ ስትሰጠው ስንት እንደሚያነብ ጻፍልኝ። ሁለተኛው ከ13.5 እስከ 14.5 መካከል ከሆነ በሰላም ቀጥል። ከ13 በታች ከሆነ ግን ሞተሩ ራሱን በደንብ ቻርጅ እያደረገ አይደለም፣ ስልክ ከመጨመርህ በፊት እሱን እናያለን።